ክር የታሰረበት ፍላሽ

ሰው የሚያውቀው በቅጽል ስሙ ነው፤ ጥሩምባው። ዕድሜውን የጨረሰው በአውቶቡስ መናኸሪያ ማስታወቂያ ክፍል፣ ማይክሮፎን ፊት ተቀምጦ ነው። «ወደ ወደቡ የምትሄዱ፣ ሁለተኛው በር! እናትየዋ፣ ሻንጣሽን እንዳትረሺ!» መብራት ሲጠፋ ደግሞ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ በባዶ አፉ ይጣራል። አልሰማሁም ብሎ አውቶቡስ ያመለጠው ተሳፋሪ የለም። ታዲያ በሽታ ሲመጣ የት ልረፍ አለ? ጉሮሮው ላይ። ሌላ ቦታ ያጣ ይመስል። እግሩን ቢይዘው ምን ነበረበት፣ ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው?

ሚስቱ ከሱ ቀድማ ዓይኗን አጥታ ነበር። ስኳር ነው የወሰደባት፣ ቀስ በቀስ። መጀመሪያ የመርፌ ቀዳዳ ጠፋት፣ ቀጥሎ የሰው ፊት፤ በመጨረሻ መስኮቱ በየት በኩል እንዳለ እንኳ ፀሐይዋ ካላሞቀቻት አታውቅም። እንግዲህ አስቡት። እሷ አታይም፣ እሱ ደግሞ ድምፁ ሊሄድ ነው። ቢጽፍላት አታነብም፣ በእጁ ቢጠቁማት አታይም። ቀልደኛው ጎረቤታቸው «ሁለታችሁ ተደምራችሁ አንድ ሙሉ ሰው ይወጣችኋል» ይላቸው ነበር። እነሱም ይስቁ ነበር፣ ምን ያድርጉ።

ሳይደግስ አይጣላም እንዲሉ፣ ሐኪሞቹ የድምፅ ሳጥኑ ተነቅሎ እንደሚወጣ በነገሩት ቀን አንዲት ነርስ ጠጋ ብላ፣ ድምፅዎን አስቀድመው ቢቀርጹትስ አለችው። ነገሩ ገባው። ቀዶ ሕክምናው እስኪደርስ ድረስ ሥራ ሲያበቃ የማስታወቂያ ክፍሉን በር ከውስጥ እየቆለፈ፣ በዚያ ዕድሜውን በጨረሰበት ማይክሮፎን ቀረጸ። ምን ያልቀረጸው አለ! «ደህና አደርሽ የኔ እመቤት።» «መድኃኒትሽን ወሰድሽ?» «ደረጃ አለ፣ ቀስ በይ።» «ኧረ ተዪ!» «አይ፣ በፍጹም።» ሐሜት ሳይቀር ቀርጿል፤ «ያ ጎረቤታችን ዛሬም ሹራቡን ገልብጦ ለብሶታል»፣ ምክንያቱም ሰውዬው በሳምንት አንዴ አያጣውም። ሳቁን ቀረጸ። ሳሉን ቀረጸ፣ ወደ ቤት መግባቱን የምታውቀው በሳሉ ነበርና። ስሟን ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀረጸው፦ ሲቆጣ የሚጠራትን፣ ሲያባብላት የሚጠራትን፣ እንዲሁ ከሌላ ክፍል «አለሽ?» ሲል የሚጠራትን።

ሁሉም ላፕቶፕ ውስጥ ገባ፣ በየስሙ ተደረደረ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እሱ ጣቱን ሰዶ ይጫናል፣ ላፕቶፑ ይናገራል። ቤቱ እንደገና ቤት ሆነ። ሚስትየዋ ያንን ዕቃ አንድም ቀን ላፕቶፕ ብላው አታውቅም፤ «እሱን ከዚያ አንሳው፣ ሻይ እንዳይፈስበት» ነው የምትለው። ይጣሉም ነበር በሱ። አንድ ቀን ተናዳ፣ ለሁሉም ነገር ያው መልስ ነው ያለህ ብትለው፣ የጎረቤታቸው ሚስት ሰምታ፣ የኔው ከነጉሮሮው እንደዛው ነው፣ ባል ሌላ ምን አለው አለቻት። ይህን ሲያስታውሱ ሁለቱም ይስቃሉ፤ እሷ በአፏ፣ እሱ በጣቱ።

ምን ያደርጋል። ላፕቶፑ አረጀ። መሀል ላይ መድረቅ ጀመረ። «መድኃኒትሽን ወሰ...» ይልና ቀጥ። ከዚያ ይጠፋል፣ ሲነሳ እንደ ሽማግሌ ነው የሚነሳው፣ አንዳንዴም ስክሪኑ ጭራሽ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። እሷ የተቋረጠውን ቃል ጨርሳ ለመመለስ ትሞክራለች፣ እሱን ግን ያ የተቆረጠ ቃል ልቡን ይበላው ነበር። ቀዶ ሕክምና ክፍል የገባ ቀን እንኳ እንደዚህ አልፈራም።

እንግዲህ የሚስቱ የእህት ልጅ ተጠራ። የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ አለው፣ ዘመዱ ሁሉ ኢንጂነር ነው የሚለው፣ ግማሹ በአክብሮት ግማሹ በፌዝ። ልጁ ክፉ አይደለም፣ ሥራም ያውቃል። አንድ ጊዜ ግን ላፕቶፑን ሊያይ መጥቶ ሲነካካ፣ ጥሩምባው ትዕግሥቱ አለቀና ከኋላው እጁን ሰዶ «አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ!» የሚለውን ተጫነበት። በዚያ በመናኸሪያ ድምፅ። ኢንጂነሩ ፊቱ ቀልቶ፣ ሥራውን በእንጥልጥል ትቶ ወጥቶ ነበር። ስለዚህ አሁን ሲጠራ አክስቲቱ አስቀድማ ባሏን ያዘችው። እጁን ይዛ፣ በዚህ ልጅ ሥራ ጣልቃ እንዳትገባ፣ ጠረጴዛ እንዳትደበድብ፣ እንዳትነካካው፣ ቃል ግባልኝ አለችው። ዝም አይነቅዝም፣ አለችውም። ድምፅ የሌለውን ሰው ዝም በል! ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ፤ እጇን ጨምቆ ግን ቃሉን ሰጣት። መቼም ሰው ጥፋቱን ሲፈርም እየሳቀ ነው።

ኢንጂነሩ መጣ፣ አየ፣ ሲስተሙ ሞቷል አለ። ፎርማት ተደርጎ አዲስ ይጫንበታል፣ በፍላሽ። መጀመሪያ ግን ድምፁ ይውጣ፣ ሃርድ ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋልና። ይሄን በትክክል ነው ያለው፤ ጥንቃቄ አልጎደለውም። ቤት ውስጥ ደግሞ ፍላሽ አልጠፋም። ጥሩምባው ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ ያን ሁሉ ዓመት የጮኸበትን በሁለት ፍላሽ ነው የሸኘው፤ ሁለቱም ሰማያዊ፣ ሁለቱም የአውቶቡስ ሥዕል ያለባቸው፣ እናታቸው እንኳ የማትለያቸው መንትዮች። ኢንጂነሩ ላፕቶፑን እንደምንም አባብሎ ድምፁን በአንዱ ላይ ገለበጠ፣ በሌላው ደግሞ፣ ላዩ ላይ ያለው ሁሉ ጠፍቶ፣ ሲስተሙን አዘጋጅቼ አመጣለሁ አለ። የድምፁንም ልውሰደው፣ ሱቅ ባለው ኮምፒውተር ላይ ሌላ ኮፒ አድርጌ ላስቀምጠው፣ ለጥንቃቄ አለ።

አክስቲቱ የድምፁን ፍላሽ ተቀበለችና በጣቷ ዳሰሰችው። ከልብስ ስፌቷ ሳጥን ነጭ ክር አውጥታ በቀዳዳው አሰረችበት፣ የምታውቀው በመዳሰስ ነዋ። ከዚያ ሁለቱንም አንድ ላይ ዘረጋችለት።

«ክር ያለበት ድምፁ ነው፤ አደራህን» አለችው።

ልጁ ስልክ ላይ ነበር። አንድ ደንበኛ የሱቁን በር ይዞ እየጮኸበት ነበር። ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ፍላሾቹን ተቀብሎ ኪሱ ከተተ። ራሱንም ነቀነቀላት። ለማታይ ሴት! ጥሩምባው ሁሉንም ቆሞ አየ፣ እሺ አለ ማለት ነው ብሎ አሰበ።

በማግስቱ ከሰዓት ኢንጂነሩ ተመለሰ። ላፕቶፑን መስኮቱ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አደረገ፣ ባልና ሚስት ከኋላው ሶፋው ላይ ተቀመጡ። እሷ ደስ ብሏታል። ዛሬ ማታ ታወራልኛለህ፣ ያ ጎረቤታችን ምን እንደለበሰ ትነግረኛለህ እያለች ታሾፋለች። ልጁ ፍላሹን ሰካ፣ ላፕቶፑን አጥፍቶ አበራው፣ ከፍላሹ እንዲነሳ አንዱን ቁልፍ ቶሎ ቶሎ ይመታው ጀመር። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጫጭ ነጥቦች ዞሩ። ቋንቋ ጠየቀ፣ መረጠ። ቀጥል አለ፣ ቀጠለ።

ጥሩምባው ያኔ ነው ያየው። ከላፕቶፑ ጎን ነጭ ክር ተንጠልጥሏል።

ክር ያለበት ድምፁ ነው፤ ድምፁ ያለበት ፍላሽ እንዴት ሲስተም መጫኛ ሆኖ መጣ? ከፍላሹ እየተነሳ ከሆነ፣ ፍላሹ ላይ ሌላ ነገር ተጽፎበታል ማለት ነው። መጫኛ ሲዘጋጅበት ፍላሽ እንደሚጠፋ ትናንት ልጁ ራሱ ሲናገር ሰምቷል። ከዚያ ራሱን ተጠራጠረ። ምናልባት ክሩን አዛውሮት ይሆናል። ምናልባት ድምፁን ሱቅ አስቀምጦ ይሆናል፣ ለጥንቃቄ ብሎ የለ? እሱ ደግሞ ቃል ገብቷል። አንድ ጊዜ ልጁን አዋርዶታል፣ ደግሞ ሊያዋርደው ነው? አይ የሰው ነገር! ዕድሜውን ሙሉ ቸኩሎ የኖረ ሰው፣ መቸኮል በነበረበት በዚያች ሰዓት ሰው ላክብር አለ።

ስክሪኑ የት ልጫን ብሎ ጠየቀ። የሃርድ ዲስኩ ክፍሎች ተደርድረው ወጡ። ድምፁ እዚያ ውስጥ ነው ያለው፣ አሁንም አለ፣ «ደህና አደርሽ የኔ እመቤት» የሚለው አለ፣ ሳሉ አለ። ልጁ የመጀመሪያውን ክፍል መረጠና «ሰርዝ» የሚለው ላይ ቀስቱን አሳረፈ።

ጥሩምባው የሶፋውን እንጨት በጡጫው መታው። ደጋግሞ መታው። ጉሮሮው ላይ ካለው ቀዳዳ ትንፋሽ ብቻ ወጣ፣ ፊሽ፣ ፊሽ። የሚናገርበት አፍ ደግሞ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሆዱን ተከፍቶ ተቀምጧል።

«በቃ፣ በቃ» አለች ሚስቱ፣ ሁለት እጁን ፈልጋ አግኝታ ጥብቅ አድርጋ እየያዘች። «ቃል ገብተህልኛል እኮ። አንተ ልጅ፣ ሥራህን ሥራ፣ የሱ ችኮላ ነው፤ ታውቀው የለ።»

«አውቀዋለሁ» አለ ልጁ ሳይዞር፣ ፈገግ ብሎ።

እጆቿ ጠንካራ ናቸው፣ ዓይኗ ከሄደ ወዲህ በእጇ ነው የምትኖረው። ሊመነጭቃት ፈራ፣ እንዳይጎዳት። ከዚያ መነጨቃት። ሶፋው ተገፋ፣ እሷ «ምን ሆነሃል!» አለች፣ እሱ ደርሶ የልጁን ትከሻ ያዘ፣ ክሩን በጣቱ ጎተተ። ልጁ ዞር ብሎ ክሩን አየ፣ የሰውዬውን ፊት አየ። ስክሪኑ ላይ ሁሉም ክፍሎች ተሰርዘው፣ አዲሱ ሲስተም ፋይሎቹን እየገለበጠ በመቶኛ ይቆጥር ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ፤ ይሄኛው መጮህም አልተሰጠው።

ልጁ መሰኪያውን ነቀለ፣ ቁልፉን ተጫነ፣ አጠፋው። ከቦርሳው ሌላውን ሰማያዊ ፍላሽ አወጣ፣ ክር የሌለውን፣ የራሱን ኮምፒውተር ከፍቶ ሰካው። ባዶ። አንድ ፋይል የለበትም። ኋላ እንደተናገረው ሁለቱንም ፍላሽ አንድ ላይ ሰክቷቸው ነበር፣ ሱቅ ውስጥ፣ ያ ደንበኛ አጠገቡ ቆሞ እየጨቀጨቀው። መጫኛውን የሚያዘጋጀው ፕሮግራም ክር አያይ፤ ሁለቱም ስማቸው አንድ፣ መጠናቸው አንድ። የቱን ላጥፋ አለው፣ እሱም አንዱን መረጠ። ኮፒውን በኋላ አደርገዋለሁ አለ። ይህ «በኋላ» የሚሉት ነገር ስንቱን ቤት እንዳፈረሰ!

«ምንድን ነው? ምን ተፈጠረ?» አለች አክስቲቱ።

ልጁ ስልኩን አውጥቶ ጻፈና ለጥሩምባው አሳየው። «ይቅርታ አድርግልኝ ጋሼ። በፕሮግራም እመልሰዋለሁ። ለሷ እስከዚያ አትንገራት።» አትንገራት! ሰውዬው ሁለት ጊዜ አነበበው። ልጁን በጥፊ ሊመታው እጁን አንስቶ ነበር፣ ግን እጁ መንገድ ላይ ደከመ። ልጁም ጮክ ብሎ፣ አክስቴ፣ ትንሽ የሚቀረው ነገር አለ፣ ይዤው ሄጄ ልጨርሰው አለ፣ ላፕቶፑንም ፍላሾቹንም ሰብስቦ ወጣ። ጥሩምባው ከሚስቱ ጋር ቀረ። ምን ብሎ፣ በምን አፉ ይንገራት?

አመሻሹ ላይ እሷ አንጀቷ አዝኖ ልታባብለው ጀመረች። መጀመሪያ ወሬ ሞከረች፣ ዝም። ሻይ አፍልቶ በእጇ አስያዛት፣ አመሰገነችው፣ ዝም። ኩርፊያ መሰላት። ከጋብቻቸው ጀምሮ ሲያኮርፍ እንዲሁ ነው፣ ሥራውን ይሠራል፣ ሻይ ያፈላል፣ አይናገርም።

«ልጁ ፊት ስለ ያዝኩህ ነው አይደል?» አለችው በመጨረሻ። «ልክ ነህ። ትልቅ ሰው ነህ፣ እንደ ሕፃን እጅህን መያዝ አልነበረብኝም። ይቅርታ አድርግልኝ። ላፕቶፑ ሲመጣ ግን አንድ ነገር በለኝ፣ እሺ? ስድብም ቢሆን።»

ተንበርክኮ ጉልበቷ ላይ ራሱን አስደገፈ። ጸጉሩን ዳሰሰችው፣ ታርቀናል ማለት ነው ብላ ደስ አላት። እሱ ቀሚሷን በእንባ እንዳያረጥብ ፊቱን አዞረ። እንዲህ ዓይነት ነገር ጠላቴን አይግጠመው።

ቀናት አለፉ። ልጁ ደከመ፣ እሱንም አንካድ። የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ሁሉ አስሮጠ፣ ከሱ የሚሻል ያለውን ጠየቀ። የፋይሎቹ ስም ተመለሰ፣ ተደርድሮ፤ ሲከፈት ግን ሽሽሽ የሚል ብቻ ነው፣ ጣቢያ እንዳልያዘ ሬዲዮ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። መናኸሪያውንም ጠየቁ። የዚያ ክፍል ኮምፒውተር ከተቀየረ ቆይቷል፣ አሁን ማስታወቂያው ራሱን በራሱ ነው የሚናገረው፣ ሰው የለውም።

በመጨረሻ ልጁ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። ፈጥኗል፣ አምሯል፣ ሲበራ የአረንጓዴ ኮረብታ ሥዕል ያሳያል። አዲስ ፕሮግራም ጭኖበታል፤ የተጻፈውን የሚያነብ። ጋሼ፣ የፈለግከውን ጻፍ፣ እሱ ይላታል፣ እንዲያውም ከበፊቱ ይሻላል፣ አዲስ ነገር መናገር ትችላለህ አለው ቀስ ብሎ፣ ዓይኑን ሳያይ። እውነቱን ነው፣ አንድ ጎኑ ይሻላል። ጥሩምባው ተቀመጠ። ስንት ቀን ሲያምሰለስለው የከረመውን በአንድ ጣቱ ፊደል በፊደል ለቀመው። እሷ ሶፋው ላይ ሆና የቁልፎቹን ድምፅ ሰምታ ፊቷ በራ፣ አንገቷን ቀና አደረገች። ተጫነው።

«ይቅርታ አድርጊልኝ የኔ እመቤት። ድምፄ ጠፍቷል። እኔ ነኝ» አለ ላፕቶፑ። ለስላሳ፣ ወጣት ድምፅ፤ የማይስል፣ የማይቸኩል፣ ቃላቱን አንድ በአንድ የሚያስቀምጥ።

እሷ ብድግ አለች። በአንድ እጇ ቀሚሷን ወደታች ሳበች፣ በሌላው ሻሿን አስተካከለች።

«ውይ፣ እንግዳ አለ እንዴ? ይግቡ፣ ይግቡ፤ አላየሁዎትም፣ ዓይኔ አያይም። ይቀመጡ» አለች ወደ ድምፁ። ከዚያ ፊቷን ወደ ጓዳው በር መልሳ ባሏን ተጣራች። «አንተ! የት ሄድክ? ሰው መጥቷል እኮ!»

ጥሩምባው ከፊቷ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጦ ነበር። ኢንጂነሩ አልቻለም፣ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሁሉንም ዘረገፈው፦ ስልኩን፣ ደንበኛውን፣ ሁለቱን ፍላሽ፣ ክሩን። እሷ ቆማ ሰማችው። አልረገመችውም፣ አልጮኸችም። አንዲትም አልቀረችም ወይ ብላ ጠየቀች፣ አንዲትም አላት። ሳሉስ አለች። ሳሉም አላት። ከዚያ እጆቿን ወደ ፊቷ አንስታ ገልበጥ አድርጋ ያዘቻቸው፣ ማየት የምትችል ይመስል።

«እኔ እኮ ነኝ የያዝኩት» አለች። «ሊነግረን ነበር። እኔ ነኝ የያዝኩት።»

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት አዲስ ነገር ሁሉ ይነገራል። ስለ ጎረቤቱ ሹራብ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መድኃኒቷ ይጽፋል፣ ልጅ እግሩ ድምፅ ያነብላታል፣ እሷም ሳታስተጓጉል ትመልሳለች። የምትመልሰው ግን በአንቱታ ነው። ባሏ መሆኑን ታውቃለች፣ እጁን ስትይዝ አንተ ትለዋለች፤ ያ ድምፅ ሲናገር ግን ምላሷ እምቢ ይላታል። እሱም ገብቶታል። አንድ ቀን ሊያሳስቃት ብሎ በዚያ ድምፅ «ኧረ ተዪ!» ቢላት ደንግጣ፣ ይቅርታ፣ ምን አጠፋሁ አለች። ሁለተኛ አልቀለደም።

ትናንትም ራት አቅርቦ፣ ወንበሯን ስቦላት፣ ላፕቶፑ ላይ ጎንበስ ብሎ ጻፈ። «ራት ቀርቧል። ነይ፣ እንብላ» አለ ድምፁ። ግድግዳውን እየዳሰሰች መጣች። ሻሿን አስተካከለች፣ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጢጥ አለች፣ እጆቿንም ጭኗ ላይ ሰበሰበች።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «እርስዎ ይቅደሙ።»